ወረንጦ ከአንገት እንዲወርድ፦ ትራኮማን ከቤት የማስወጣት አሠራር

አያቴ መንዝ ውስጥ ሲኖሩ ከማተባቸው ጋር አንድ የብረት ወረንጦ ያንጠለጥሉ ነበር። በልጅነቴ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል በረንዳው ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይሉና፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዙረው፣ «እስቲ እዪልኝ፤ ይቺ ጥግ ያለችው ናት የምትወጋኝ» ይላሉ። ጎረቤታችን ጎንበስ ብላ ትነቅላለች። በማግስቱ ተራው ይገለበጣል፤ አያቴ በዚያው ወረንጦ የጎረቤቲቱን ይነቅላሉ። ሁለቱም እርጅና ነው ይሉ ነበር።

እርጅና አልነበረም። ገና ጡት ሳይጥሉ የያዛቸው በሽታ መጨረሻ ነበር። በሽታው ትራኮማ ነው፤ በአገራችን አጠራር የዓይን ማዝ። የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ብቻውን ሆኖ መራባት አይችልም፤ የሰው ሴል ውስጥ ገብቶ፣ እዚያው ተራብቶ፣ ሴሉን አፍርሶ ይወጣል። ሃልበርስቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ምልክቱን በማይክሮስኮፕ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን፣ አሳድጎ ለይቶ ያወጣው ደግሞ ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን ነው፤ ያም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ታንግ በሽታ አምጪው ይኸው መሆኑን ለማረጋገጥ በገዛ ዓይኑ ላይ ጨመረው፤ ታመመም።

ለመመሪያችን ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ባክቴሪያው አንድ ጊዜ ስለያዘ አያሳውርም። የሚያሳውረው ሲመላለስ ነው። ልጁ ይያዛል፣ ይሻለዋል፣ ከወንድሙ እንደገና ይይዘዋል። በዚህ ምልልስ የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ይቆስላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው እንደ ደረቀ ቆዳ እየተኮማተረ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ከዚያ በኋላ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል፤ ብሌኑም ቀስ በቀስ ነጭ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶው ከ60 የሚበልጡት ንቁ፣ ማለትም ገና ያልዳነ፣ ትራኮማ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ሆኖም አንድ ቤት ውስጥ ምልልሱ ካልተቋረጠ የክልሉ ቁጥር ቢወርድም ለዚያ ቤት ምንም አይፈይድለትም።

ስለዚህ ሥራው የአንድ ሰው ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት አራት ክፍል ያለው አሠራር አለ፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ደረጃ ጨምሬበታለሁ፤ ማየት።

1. የቤቱን ሰው ዓይን በሙሉ ይዩ

ጭስ በሞላው ጎጆ ውስጥ አይሞክሩ፤ ወደ ደጅ ይውጡ። እጅዎን ይታጠቡ፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲያልፉም እንደገና ይታጠቡ።

ከልጆች ይጀምሩ፤ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ይዩአቸው። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ዓይናር፣ ንፍጥ እና ፊት ላይ የሚያርፍ ዝንብ። ልጁ «ዓይኔን አመመኝ» እስኪል አይጠብቁ፤ በልጅነት ትራኮማ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ቢያምም ልጁ ለምዶት ዝም ይላል። የዓይን ቆብ ገልብጠው ለማየት አይድፈሩ። ያ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው በማጉያ መነጽር አይቶ፣ በላይኛው ቆብ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ነጫጭ እብጠቶች አምስትና ከአምስት በላይ ካገኘ ንቁ ትራኮማ ነው ይላል።

ወደ ትልልቆቹ ሲመጡ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት እንዲያዩ ይንገሯቸውና እርስዎ ትንሽ ዝቅ ብለው ከታች ወደ ላይ ይመልከቱ። አንዲት ሽፋሽፍት እንኳ የዓይኑን ኳስ ከነካች ቆጥራችሁ ያዙ። ሽፋሽፍት ጨርሶ የጠፋበት ቦታ ካለም ይጠርጥሩ፤ ተነቅሎ ይሆናል። መጠየቅ ከማየት የበለጠ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። «አሸዋ የገባብዎ ያህል ይቆረቁርዎታል?» ብለው ሲጠይቋቸው «ኧረ ደህና ነኝ» የሚሉ እናት፣ «ወረንጦ አለዎት?» ሲባሉ እጃቸው ወደ አንገታቸው ይሄዳል። እኔ ከዚህ ጥያቄ የተሻለ መመርመሪያ አላገኘሁም።

ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አጥብቀው ይዩ። ሕፃን የሚታቀፉት፣ የሚያጠቡት፣ አብረው የሚተኙት እነሱ ስለሆኑ ዕድሜ ልክ ከባክቴሪያው ጋር ይመላለሳሉ፤ በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ብዙዎቹ «የኩበቱ ጭስ ነው» ይላሉ። ጭስ ያስለቅሳል፣ ያቃጥላል፤ ሽፋሽፍት ግን አይቀለብስም።

አንድ ነገር ለብቻው ልንገርዎ፦ ከተወለደ ገና ወር ያልሞላው ሕፃን ዓይኑ መግል ከያዘ ይህን መመሪያ ያስቀምጡትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከእናት ማህፀን በር የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ነው፤ ቀን አይሰጥም።

2. ፀጉር የተቀለበሰበት ሰው ካለ፣ መጀመሪያ እሱን

ሌላው ሁሉ ለነገ የሚያገለግል ሲሆን ይህ ግን ለዛሬ ነው። ሽፋሽፍት ብሌንን በነካ ቁጥር ብርሃን ይቀንሳል፤ ብሌኑ አንዴ ከነጣ በኋላ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ሥቃዩን ያስቆማል እንጂ የጠፋውን እይታ አይመልስም።

ሰዎችን የሚያስፈራው «ዓይኔን ሊያወጡት ነው» የሚለው ነው። ስለዚህ የሚሠራውን በግልጽ ይንገሯቸው። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል። ባለሙያው የሚቆርጠው ቆቡን ነው፤ የዓይኑን ኳስ አይነካም። ቆቡን ወደ ውጭ ያዞርና ይሰፋዋል፤ ሽፋሽፍቱ እንደ ቀድሞው ወደ ውጭ ያይ ዘንድ ነው። ይህን የሚሠሩት በየጤና ጣቢያው ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ጭምር ናቸው፤ ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዘመቻ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው። ቀኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታውቃለች፤ ስም ማስመዝገብ የእርስዎ ሥራ ነው።

ቀኑን ሲመርጡ የእርሻውን ወቅት ያስቡ። እህል በውድማ ላይ ሲወቃ፣ ገለባው በነፋስ ሲበተን፣ የተሰፋ ዓይን ይዞ መዋል ሞኝነት ነው። ከተቻለ ሁለት ሳምንት ከአቧራና ከምድጃ መራቅ የሚቻልበት ጊዜ ይሁን። «ጾም ነው፣ መድኃኒት አልወስድም» የሚሉ ካሉ እርስዎ አይከራከሩ፤ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩላቸው። በእኔ ልምድ ቄሱ በሁለት ቃል የሚፈቱትን እኛ በሁለት ሳምንት አንፈታውም።

በዕለቱ ዓይን ታሽጎ ስለሚመለሱ መሪ ይኑራቸው። የመንዝና የአንኮበር ገደላገደል በአንድ ዓይን የሚኬድበት አይደለም። ማሸጊያው በማግስቱ በጤና ጣቢያ ይነሣል፤ «አሳከከኝ» ብለው ቤት ውስጥ እንዳይፈቱት። የተሰጣቸውን ቅባት በታዘዘው ልክ ይቀቡ። ክሩ የሚወጣበት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ውስጥ፣ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣቸዋል፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። መግል፣ ደም፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ወይም የእይታ መቀነስ ካዩ ቀኑን ሳይጠብቁ ይመለሱ። ፀጉሩ ከወራት በኋላ እንደገና ሊቀለበስ ይችላል፤ ስለዚህ በስድስተኛው ወር ገደማ ያው ከታች ወደ ላይ ማየት ይደገማል።

ተራ እስኪደርስ ድረስ ወይም የነኩት ሽፋሽፍት አንድ ሁለት ብቻ ሆነው ባለሙያው «ለጊዜው ይነቀል» ካለ፣ ሥርዓት አለው። ወረንጦው የራሳቸው ብቻ ይሁን፣ በፈላ ውኃ ይቀቀል፤ ጫፉ ጥሩ የሚገጥም ይሁን። የሚነቅለው ዓይኑ የሚያይ ሰው ይሁን፤ ፀጉሩን ከሥሩ ይንቀል። መሃል ላይ የተሰበረ ሽፋሽፍት ከሙሉው የባሰ ነው፤ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ብሌኑን እንደ ጠንካራ ብሩሽ ይፍቀዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሶ ይበቅላል።

አያቴን ያሳመንኳቸው እኔ አይደለሁም። ለሦስት ዓመት ተናግሬ አልሰሙኝም። ጎረቤታቸው ቀድማ ተሠርታ፣ በሳምንቷ ደጃፋቸው መጥታ፣ ምንም ሳትናገር ጤፍ ለቀመችላቸው። በማግስቱ «ያ ቀን መቼ ነው ያልከኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ወረንጦው አሁን ከአንገታቸው ወርዶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ እሾህ ለወጋው ልጅ ያገለግላል።

3. መድኃኒቱን ሁሉም ሰው ይውሰድ፤ ደህና የሚመስለውም

በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ሲሆን ብዙዎች ዚትሮማክስ በሚለው ስሙ ያውቁታል። አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው፤ አዋቂ ባለ 250 ሚሊ ግራም አራት ፍሬ፣ ትንንሽ ልጆች በውኃ የተበጠበጠ ሽሮፕ። መጠኑ የሚለካው በሚዛን ሳይሆን ምልክት በተደረገበት እንጨት ቁመት ተለክቶ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ቀጥ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ ይቁም።

«እኔ ምን ሆኜ!» የሚለው ሰው ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ባክቴሪያው ሳያስታውቅ ዓይን ውስጥ ይቀመጣል። ከስድስት ሰው አምስቱ ቢውጡና አንዱ ቢቀር፣ ያ አንዱ መልሶ ለአምስቱ ይሰጣል። እረኛው፣ ከትምህርት ቤት ያልተመለሰችው ልጅ፣ ገበያ የሄደው አባወራ፣ እነዚህን ቆጥረው ማታ ወይም በማግስቱ አዳዮቹ ጋ ይላኩ።

ባዶ ሆድ ላይ ማቅለሽለሽና ሆድ ቁርጠት ሊያመጣ ስለሚችል ጥቂት ቀምሰው ቢውጡ ይሻላል። የሚያለቅስ ልጅ አፍንጫውን ይዞ ማጋት ክልክል ነው፤ ትን ብሎት ሊታፈን ይችላል። ዝም እስኪል ይጠብቁ፤ እምቢ ካለ ሌላ ቀን ይሁን። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም ከዚህ በፊት መድኃኒት ተስማምቶዎት የማያውቅ ከሆነ፣ ከመዋጥዎ በፊት ለሠራተኛዋ ይንገሩ።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን አይውጥም፤ የሚሰጠው 1 በመቶ የሆነ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። አቀባቡ ይህ ነው፦ እጅዎን ይታጠቡ፣ ዓይናሩን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ያንሱ፣ የታችኛውን ቆብ በጣት ዝቅ ያድርጉ፣ ከስንዴ ፍሬ ረዘም ያለች ቅባት ውስጡ ላይ ይጨምሩ። የቱቦው አፍ ዓይኑን እንዳይነካ። ስድስት ሳምንት ረጅም ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ዓይኑ የጸዳ ሲመስል አብዛኛው እናት ይተወዋል። እዚያ ላይ ነው አባት ማስታወስ ያለበት።

ዓይን ውስጥ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ሌላ ሰው የተረፈው የዓይን ጠብታ አይጨመርም፤ ቆብ በቅጠል አይፋቅም፤ ግንባር በምላጭ አይበጣም። የኩል እንጨትም የየራስ ይሁን። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ሂዱ፤ መጠመቂያ ኩባያና ፊት ማድረቂያ ጨርቅ ግን የየራሳችሁን ይዛችሁ፣ የቀዶ ሕክምናው ቀን እንዳያልፍም አስባችሁ።

4. ፊት ማጠብ፣ ብርድ ባለበት አገር

ይህ ክፍል በወረቀት ላይ ቀላል ነው። «ልጆች በቀን ሁለት ጊዜ ፊታቸውን ይታጠቡ» ተብሎ ይጻፋል፤ የጻፈው ሰው በኅዳር ወር ማለዳ መንዝ ላይ ውርጭ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሲታይ የአምስት ዓመት ልጅ ከባና፣ ከሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ሥር አውጥቶ አያውቅም። እውነቱን እንነጋገር፤ በዚያ ሰዓት ልጁ አይታጠብም።

ስለዚህ ሰዓቱን ያዛውሩ። ጥቁር ጀሪካን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ያኑሩ፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ለብ ይላል። ማለዳ ዓይናሩንና ንፍጡን በየራሱ እርጥብ ጨርቅ ማንሣት፣ አምስት ሰዓት ላይ ደህና አድርጎ ማጠብ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ከምድጃው አጠገብ መድገም። ሳሙና ካለ ጥሩ፤ ባይኖር በውኃ ብቻ ዓይናሩ ይነሣል፤ ሳሙና የለም ተብሎ ሥራው አይቅር።

«ውኃው ከየት ይመጣል?» ለሚለው በራስዎ ቤት ይሞክሩት። አንድ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ይሙሉና አንድ ሰው በእፍኙ እያፈሰሰ ሌላው የልጆቹን ፊት ይጠብ፤ ስንት ፊት እንዳዳረሰ ይቁጠሩ። እናቶች በዚህ ሙከራ ሲደነቁ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከምንጩ የተሸከሙት እንስራ ለፊት የሚበቃ አይመስላቸውም ነበር።

ማጠቢያውን በግማሽ ቀን መሥራት ይቻላል፦ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይያዙ። ከእጀታው በታች፣ ከፊት በኩል፣ በጋለ ምስማር አንዲት ቀዳዳ ይብሱ። ሁለት ባለ መንታ ጫፍ እንጨት መሬት ላይ ተክለው በላያቸው አንድ እንጨት ያጋድሙ፤ ጀሪካኑን በእጀታው ያንጠልጥሉበት። ከአንገቱ ላይ ሲባጎ አስረው የገመዱን ጫፍ መሬት ላይ ከተቀመጠ አጭር እንጨት ጋር ያያይዙት። ልጁ እንጨቱን በእግሩ ሲረግጥ ጀሪካኑ ዘንበል ብሎ ውኃው ቀጥኖ ይወርዳል፤ እጁ ምንም አይነካም። ቁመቱን በትንሹ ልጅ ልክ ያድርጉት። የእኔ የመጀመሪያው ማጠቢያ ለእኔ ቁመት የተሠራ ስለነበር ከእኔ በቀር የተጠቀመበት አልነበረም። የሚፈሰው ውኃ ጭቃ እንዳይሠራ ከሥሩ ጠጠር ያፍስሱ፤ ወይም ጎመን ይትከሉበት።

ማድረቂያው ላይ ደግሞ አንድ ቃል። እናት የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ የመጀመሪያውን ልጅ ዓይን ታብሳለች፤ ሁለተኛው ሲመጣም በዚያው ጫፍ። ይህ የፍቅር ሥራ ነው፤ ባክቴሪያውም የሚጓዘው በዚሁ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ በተለያየ ቀለም ክር የተጠለፈ ቁራጭ ጨርቅ ይስፉ፤ በየሁለት ቀኑ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ልጆቹ የየራሳቸውን ቀለም ከአንድ ሳምንት በኋላ ከእናታቸው በተሻለ ያውቁታል። ባናው፣ አብሮ መተኛቱ በብርድ አገር አይቀርም፤ ፊት ንጹሕ ሆኖ ቢተኙ ግን ብዙ ነው።

5. የዝንቡን ቤት ማፍረስ፦ ጉድጓዱ

ከልጅ ፊት ወደ ልጅ ፊት ባክቴሪያውን የሚያመላልሰው ዝንብ ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ሙስካ ሶርቤንስ ይባላል። ከሁሉ አብልጦ እንቁላሉን የሚጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ ይህ ዝንብ አይራባም። ስለዚህ ሲሚንቶ የሌለው ተራ መጸዳጃ ቤትም ይበቃል፤ ችግሩ መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ እንስሳ ሲታሰርበት ወይም ድንች ሲቀመጥበት ነው። የሕፃናት ዐይነ ምድርም «ምንም አይደለም» ተብሎ አጥር ሥር አይጣል፤ ዝንቡ ልዩነት አያውቅም።

ሰሜን ሸዋ ላይ መሬቱ ሁለት ዓይነት ፈተና አለው። በእነዋሪና በጅሩ ሜዳ ያለው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በአራት ማዕዘን የተቆፈረ ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ተደርምሶ ይገኛል። እዚያ ክብ አድርገው፣ ክረምቱ አልፎ አፈሩ ጠጠር ሲል ይቆፍሩ። የላይኛውን አንድ ሜትር በድንጋይ ይደርድሩ፤ አፉን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉ፤ ዙሪያውን የጎርፍ ማሳለፊያ ቦይ ይሥሩለት። በመንዝ ደግሞ አንድ ሜትር ሳይወርዱ ዐለት ይመጣል። ዐለት አይታገሉ፤ የደረሱበት ጥልቀት ላይ ቆመው ወለሉን በድንጋይ ግንብ ከፍ ያድርጉትና ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ይያዙ፤ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲዛወሩ።

የትም ቢሆን ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውኃው በታች በኩል እንጂ በላይ በኩል አይሁን። ወለሉን በወፍራም እንጨት ሠርተው በጭቃ ይለስኑት፤ ቀዳዳው ልጅ የማይገባበት ጠባብ ይሁን፤ እጀታ ያለው ክዳን ይኑረው። ከጎኑ የምድጃ አመድ በጣሳ ይቀመጥ፤ ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ ይነሰነሳል። ማጠቢያ ጀሪካን እዚያም አንድ ያስፈልጋል።

ጉድጓዱ ከአፉ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው አይጠብቁ፤ በአፈርና በአመድ ይድፈኑት። ሁለት ጉድጓድ ያለው ሰው የተደፈነውን ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይነካው ይተወውና፣ ከዚያ በኋላ ያወጣውን ለጌሾው ወይም ለባሕር ዛፉ ሥር ያድርገው። አንድ ብቻ ያለው፣ አዲሱን የሚቆፍረው አሮጌው ሳይሞላ ነው፤ በመሃል አንድ ሳምንት ክፍተት ከተፈጠረ ልጆቹ ወደ ሜዳው ይመለሳሉ።